ባለ ቢጫ ኩታው

ሆሳዕና ውስጥ ስለ ደቡብ አፍሪካ የማይወራበት ቡና ቤት ካለ አሳዩኝና የዛሬውን ሂሳብ እኔ ልክፈል። የሎኬሽን ሱቅ፣ የደላላ ዕዳ፣ የተላከ ብር፣ በተላከው ብር የተጀመረ ቤት፣ ቤቱ ለምን መሠረቱ ላይ ተገትሮ እንደቀረ፤ ይህን ሁሉ ከአቦል እስከ በረካ ሳይደግሙ ማውራት ይቻላል። ባለፈው ሳምንት ግን ከደርባን የተመለሰ አንድ ልጅ መናኸሪያው አጠገብ ቁጭ ባልንበት፣ ጀበናው ገና ከከሰሉ ሳይወርድ፣ ወሬውን ሁሉ ጥሎ አንድ ነገር ጠየቀን።

«ጋሼ፣ የፊልም ጸሐፊ አገር ይገዛል እንዴ?»

ጋሼ ያላቸው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። እሳቸው መነጽራቸውን እስኪያስተካክሉ፣ ለቡላ ንግድ ከዱራሜ የመጣው ወዳጄ ቀደማቸው። «ፊልም የሚሠሩብን ሲገዙን ኖረው የለም እንዴ? ጸሐፊው ቢጨመር ምን ይገርማል?»

ልጁ ቀልዱን አልፎ ታሪኩን ቀጠለ። ለሱቁ ዕቃ የሚያነሳው ከአንድ ጅምላ አከፋፋይ ነበር። ህንዳዊ ሲሉት ደስ አይለውም፤ ታሚል ነኝ ይላል። (የዱራሜው ሰው እዚህ ላይ «ገባኝ፤ እኔንም አዲስ አበባ ስሄድ ሀዲያ ይሉኛል» አለ።) በ2010 ዓ.ም. ነሐሴ መጀመሪያ ልጁ ዕቃ ሊያነሳ ቢሄድ ነጋዴው ከቴሌቪዥኑ ዓይኑን አይነቅልም። ማዶ የሰው ባሕር ይታያል። መሐል ላይ ጥቁር መነጽር ያደረገ፣ ቢጫ ኩታ የደረበ ሽማግሌ ተገንዞ ተኝቷል። «ንጉሣችሁ ነው?» ቢለው፣ ነጋዴው እንባውን እየጠረገ «የፊልም ጸሐፊ ነው» አለው።

ልጁ ይህን ጥያቄ ስንት ዓመት ይዞት ኖሯል። እኔም ይዤው ቤቴ ገባሁ። ያነበብኩትን ሌላ ቀን እዚያው ቡና ላይ ነገርኳቸው፤ ለእናንተም ላጫውታችሁ።

መጀመሪያ ግን የጋሼን ላስቀድም። ጋሼ በጃንሆይ ጊዜ ሒሳብ የተማሩት ከህንዳዊ መምህር ነው። ያኔ በየጠቅላይ ግዛቱ ህንዳዊ አስተማሪ ያልደረሰበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ብዙ አልነበረም። የጋሼ መምህር ከማድራስ የመጡ ነበሩ። ተማሪዎቹ አንድ ቀን የህንድ ፊልም ዘፈን ተርጉሙልን ቢሏቸው «ቋንቋውን አልችልም» አሉ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ህንዳዊ ሆኖ ህንድኛ አለመቻል! መምህሩ አልሳቁም። ጠመኔያቸውን አንስተው ሰሌዳው ላይ ክብ ክብ እያለ የሚጠማዘዝ ፊደል ጻፉና «የእኔ ይኸኛው ነው» ብለው ወደ ሦስት ማዕዘናቸው ተመለሱ። «ያን ጊዜ አልገባኝም» አሉ ጋሼ። «ገና ዛሬ ነው የገባኝ።»

ክብ ክብ የሚለው ፊደል ታሚል ነው። ደርባን ያሉትም ታሚሎች የዛሬ መቶ ምናምን ዓመት አያቶቻቸው ሸንኮራ አገዳ ሊቆርጡ በኮንትራት የተወሰዱ ናቸው። የመጀመሪያዋ መርከብ «ትሩሮ» ከማድራስ ተነሥታ ደርባን የደረሰችው እ.ኤ.አ. በ1860 ነው። ይህን ስነግረው ልጁ «እነሱንም ደላላ ነው የወሰዳቸው በለኛ» አለ። ከዚህ የበለጠ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ባለ ቢጫ ኩታው ሰውዬ ስሙ ካሩናኒዲ ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 3 ቀን 1924 ቲሩኩቫላይ በምትባል መንደር ተወለደ። ወገኖቹ በቤተ መቅደስ ዙሪያ ዜማ የሚጫወቱ ሰዎች ነበሩ፤ ሙዚቃቸው ይወደዳል፣ እነሱ ግን ከከበሬታው ማዕድ ራቅ ብለው ይቀመጣሉ። አዝማሪን ሠርግ ላይ ጠርተን ልጃችንን ግን የማንድርለት ሕዝብ ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻንም። እዚሁ ሀዲያና ከምባታ እንኳ በሠሯት ማሰሮ እየበላን፣ በቀጠቀጡት ማረሻ እያረስን፣ ሸክላ ሠሪውንና ቀጥቃጩን ከመሬትም ከጋብቻም ያራቅንበት ዘመን ሩቅ አይደለም። እንግዲህ ከእነዚያ ቤት አንድ ልጅ ተነሥቶ በ2011 እ.ኤ.አ. ቆጠራ 72 ሚሊዮን ሰው የተገኘበትን የታሚሎች ክልል አምስት ጊዜ መራ ብላችሁ አስቡ።

በ14 ዓመቱ ሰልፍ ወጣ። ምክንያቱ ቋንቋ ነው። የማድራስ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1937 ሂንዲ በትምህርት ቤት ግዴታ ይሁን ሲል ታሚሎች እምቢ አሉ። ካሩናኒዲ በእጁ የሚጻፍ ጋዜጣ ያዘጋጅ ነበር። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1942 ደግሞ 18 ዓመቱ ላይ «ሙራሶሊ» የሚል በራሪ ወረቀት ጀመረ፤ የከበሮ ድምፅ ማለት ነው። በኋላ ዕለታዊ ጋዜጣ ሆኖ ዕድሜውን ሙሉ አልተለየውም። በሙራሶሊ ላይ ለተከታዮቹ የሚጽፋቸው ደብዳቤዎች ከ7,000 በላይ ናቸው ይባላል። ሁሌ የሚጀምርባት ቃል «አብረኸኝ የተወለድክ» እንደማለት ናት። እኛ «የናቴ ልጅ» የምንለው። ሚሊዮን ሰው በየጠዋቱ «የናቴ ልጅ» የሚለው ጸሐፊ ቢመርጥ ምን ይደንቃል?

ወደ ፊልሙ ልምጣ፤ ጨዋታው ያለው እዚያ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1947 የመጀመሪያ የፊልም ንግግሩን ጻፈ። ስሙን አገር ያወቀው ግን በጥቅምት 1952 በወጣችው «ፓራሳክቲ» ነው። ታሪኩን ስነግራቸው ቡና የምታፈላው ልጅ ሳትቀር ጀበናዋን ትታ ጆሮ ሰጠች። ሦስት ወንድማማቾች ከአገራቸው ርቀው በርማ ራንጉን ይሠራሉ። እህታቸው አገር ቤት ናት። ጦርነት ይነሣል። ትንሹ ወንድም ለእህቱ ሠርግ ብሎ ይመለሳል። ማድራስ እንደወረደ፣ በመጀመሪያው ቀን፣ ያለ የሌለ ገንዘቡን ይዘረፋል።

«የት ላይ?» አለ የደርባኑ ልጅ።

«እዚያው በገዛ አገሩ።»

ዝም አለ። የእሱ የተመለሰበት ነገር ምን እንደሚመስል አልጠየቅነውም፤ እንዲህ ያለ ነገር ሆሳዕና ውስጥ አይጠየቅም።

እህቲቱ ባሏ ይሞታል፣ አባቷ ይሞታል፣ ሕፃን አቅፋ ጎዳና ትወጣለች። ሰው ሁሉ ያጠምዳታል። መጠለያ ፍለጋ ቤተ መቅደስ ብትገባ ካህኑም ያው ነው። ተስፋ ቆርጣ ልጇን ወንዝ ትወረውራለች፤ ትከሰሳለች። ፍርድ ቤቱ ውስጥ ወንድምየው ይነሣና ያን ሁሉ ይዘረዝረዋል። ጥፋተኛዋ እሷ ናት ወይስ እኛ? ተመልካቹ ንግግሩን በቃሉ ያዘው። ንግግሩ በትንንሽ መጽሐፍ ታትሞ ተሸጠ፣ በሸክላ ተቀርጾ ተሸጠ። ጸጉር ቤት ውስጥ፣ ሻይ ቤት ውስጥ ወጣቱ ቃል በቃል ይወርደው ነበር። ምክንያቱም ቋንቋው የራሱ ነው። እስከዚያ ድረስ የፊልም ሰው ሲናገር ግማሹ የሳንስክሪት ቃል፣ ግማሹ ዘፈን ነበር። ይኼ ጸሐፊ ግን ድሃው ፍርድ ቤት ቆሞ እንደ ሊቅ እንዲናገር አደረገው፤ ያውም በታሚል።

በማግሥቱ ዓመት፣ 1953፣ አንድ የባቡር ጣቢያ ላይ አመፀ። ከተማዋ ካላኩዲ ትባላለች። እዚያ የሲሚንቶ ፋብሪካ ያቆመው ዳልሚያ የሚባል የሰሜን ባለሀብት ስለነበር ጣቢያዋ ዳልሚያፑራም ተብላ ነበር። ካሩናኒዲ ጓደኞቹን ይዞ ሄዶ በስሟ ላይ የድሮ ስሟን ለጠፈና ሐዲዱ ላይ ተኛ። ታሰረ።

እዚህ ላይ ከጋሼ ጋር ተከራከርን። ደብረ ዘይት ቢሾፍቱ፣ ናዝሬት አዳማ ሲባል ላየን ሰዎች የስም ነገር ባዕድ አይደለም። የኛዋንም ከተማ ራስ አባተ በሆሳዕና ዕለት ስለደረሱባት እንዲህ አሏት ይባላል፤ የቀድሞ ስሟ ዋቸሞ ነው። ዩኒቨርሲቲው ዋቸሞ ሲባል ከተማው ሆሳዕና ሆኖ ቀረ። ጋሼ «ሁለቱንም ይዘን በሰላም እየኖርን ነው፤ ሐዲድ ላይ የሚያስተኛ ነገር የለም» ይላሉ። የዱራሜው ሰው «ሐዲድ ስለሌለን ነው» አለ። እውነቱን ነው፤ ባቡር የለንም።

እ.ኤ.አ. በ1957 ኩሊታላይ ከሚባል ቦታ ተመርጦ ምክር ቤት ገባ። ከዚያ በኋላ የቆጠርኩት ነገር ነው ያስደነገጠኝ፦ እስከ 2016 ድረስ 13 ጊዜ ለምክር ቤት ተወዳድሮ አንድም ጊዜ አልተሸነፈም። የቆመለት ፓርቲ ተሸንፎ ጓዶቹ እንዳለ ሲጠረጉ እንኳ እሱ የተወዳደረበትን ወንበር አሸንፏል። እ.ኤ.አ. በ1967 ፓርቲው ክልሉን ያዘ። የመጀመሪያው መሪ አናዱራይም የፊልምና የቲያትር ጸሐፊ ነበር፤ እሱ በ1969 ሲሞት ካሩናኒዲ ተተካ። ከዚያ የክልሉ ፖለቲካ ልክ እንደ ፊልም ሆነ። ድሮ ቃል እየጻፈ በአፉ የሚያስቀምጥለት ተዋናይ ኤም ጂ አር በ1972 ከፓርቲው ተለይቶ የራሱን አቋቋመ፤ በ1977 ወንበሩን ነጠቀው፤ እስኪሞት ለ10 ዓመት ካሩናኒዲን ወደ ወንበሩ አላስመለሰውም። ከእሱ በኋላ የመጣችው ጃያላሊታም ተዋናይት ነበረች። ጸሐፊው የጻፈለት ሰው ጸሐፊውን አሸነፈው ማለት ነው። ደራሲዎች ይህችን ነገር ልብ በሉልኝ።

በኢንድራ ጋንዲ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወቅት፣ ጥር መጨረሻ 1976 እ.ኤ.አ.፣ መንግሥቱ ከላይ ተባረረ፤ ሰዎቹ ታሰሩ፤ ጋዜጣው በሳንሱር ሥር ወደቀ። የታሳሪ ስም ማተም አይቻልም። የአናዱራይ የሙት ዓመት ደረሰ። ሙራሶሊ «በመታሰቢያው ላይ ሊገኙ ያልቻሉ ሰዎች» ብሎ ረዥም የስም ዝርዝር አወጣ። አንባቢው ወርቁን ሰማ። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ሲኒያቸውን አስቀምጠው በጣም ሳቁ፤ በደርግ ጊዜ ጋዜጣን ከመስመሩ በላይ መስመሩ መሐል ማንበብ የለመዱ ሰው ናቸው።

ጻድቅ ነበር አልላችሁም። ቤተሰቡ ፓርቲውን እንደ ርስት ይዞታል። የአንዱ ወንድ ልጁ ስም ስታሊን ነው፤ አትሳቁ፣ ልጁ በተወለደ በአራተኛው ቀን የሶቪየቱ ስታሊን ስለሞተ ነው። እኛም ማርክስና ሌኒን የሚባሉ ጎረቤቶች አሉን። ይኸው ስታሊን እ.ኤ.አ. በ2021 የአባቱ ወንበር ላይ ተቀመጠ። አንዷ ሴት ልጁ በ2011 በሞባይል ሞገድ ሽያጭ የሙስና ክስ ታስራ፣ በ2017 ነጻ ተባለች። «ፓራሳክቲ»ን የጻፈ ሰው ቤተሰብ ሥልጣንን እንዲህ መውረሱ እኔን ይከነክነኛል። ነጋዴውን ግን አይከነክነውም፤ እሱ ያለቀሰው ለፊልሙ ነው።

አሁን የልጁን ጥያቄ ወደ አገራችን እናምጣው። የእኛ ጸሐፊዎችስ?

ሥልጣን ያዩ ጸሐፊዎች ሞልተውናል። የመጀመሪያውን የአማርኛ ቲያትር የጻፉት ፊታውራሪ ተክለሐዋርያት ተክለማርያም ናቸው። በልጅነታቸው ዓድዋን አይተው ሩሲያ ሄደው የመድፍ ትምህርት የተማሩ፣ በኋላ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ፣ የገንዘብ ሚኒስትር የሆኑ፣ ጄኔቭ ላይ ስለ ኢትዮጵያ የተሟገቱ ሰው ናቸው። በ1913 ዓ.ም. ገደማ «ፋቡላ» የምትባል የአውሬዎች ኮሜዲ ጻፉ። እንስሳቱ እየተናገሩ የአስተዳደሩን ብልሹነት ይነካሉ። ተመልካቹ ማን ነበር? አዲስ አበባ፣ ሆቴል ቴራስ፣ መኳንንቱ። መኳንንቱ ወርቁን ሰሙና ንግሥት ዘውዲቱ ቲያትሩን አገዱ። አለቀ። ቲያትር ለዓመታት ተከደነ። እስኪ አስቡት፦ ያው «ፋቡላ» እዚህ ሆሳዕና፣ ቅዳሜ ገበያ መሐል፣ ቡላ ሻጯና ቅቤ ሻጯ ፊት ቢታይ ኖሮ? ማን ያግደው ነበር፣ ቢያግደውስ ስንቱ በቃሉ ይዞት ይቀር ነበር?

ራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸውም አሉ። ልብ ወለድም ቲያትርም ጽፈዋል፤ ጠቅላይ ሚኒስትርም ነበሩ። እሳቸው ግን መጀመሪያ መኳንንት ነበሩ፣ ከዚያ ደራሲ ሆኑ። የካሩናኒዲ መንገድ ተገልብጦ።

እንግዲህ ለዚያ ሰው የሚቀርብ አንድ ጸሐፊ ምረጥ ብትሉኝ በዓሉ ግርማን እመርጣለሁ። በዓሉ የተወለደው ኢሉባቦር ነው፤ አባቱ ህንዳዊ ነጋዴ ነበር፣ ከጉጃራት፤ ከታሚል አገር በጣም የራቀ ነው፣ ግን ጨዋታ ላይ ድልድይ አይጠፋም። በዓሉ ጋዜጠኛ ነው፤ መጽሔትም ጋዜጣም አዘጋጅቷል፣ አሜሪካ ተምሯል፣ «ከአድማስ ባሻገር»ን ጽፏል። ብዕሩ አሳወቀው፣ ብዕሩ ቢሮ አስገባው፦ ማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ሆነ። እስከዚህ ከካሩናኒዲ ጋር እኩል ነው። ከዚያ አስመራ፣ የቀይ ኮከብ ዘመቻ፤ ከዚያ በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»። ዋና ሰውዋ የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ የሆነች መጽሐፍ፣ የአለቆቹ ፊት በግልጽ የሚታይባት። ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበች፤ እሱም ከሥራው ተባረረ። የካቲት 1976 ዓ.ም. አንድ ምሽት ከቤቱ ወጥቶ አልተመለሰም። ቮልስዋገኑ ደብረ ዘይት መንገድ ላይ ቆማ ተገኘች።

ሁለቱ ሰዎች የተለያዩበት ቦታ ለእኔ አንድ ነው። ካሩናኒዲ ላይ የተቆጡ ሰዎች መንግሥቱን ሁለት ጊዜ አባረሩበት፣ አሰሩት፣ በ2001 እ.ኤ.አ. በ77 ዓመቱ በሌሊት ከመኝታው ጎትተው ወሰዱት። ሁሌም ግን ከእስር ቤቱ በር ውጭ ቲኬት ቆርጦ ፊልሙን ያየ ሕዝብ የምርጫ ካርድ ይዞ ይጠብቀው ነበር። በዓሉም አንባቢ ነበረው፤ «ኦሮማይ»ን ሰው እየተደባበቀ፣ እየተዋሰ፣ በሌሊት አነበባት። ካርድ ግን አልነበረውም። ለበዓሉ ቢሮውን የሰጠው አንድ ሰው ነው፤ ለመንሣትም አንድ ሰው በቃ።

ጋሼ እዚህ ላይ አልተስማሙም። «ሀዲያ ካርድ ማለት ምን እንደሆነ አያውቅም ልትል ነው?» አሉኝ፤ ተቆጡ። አላልኩም። በ1992 ዓ.ም. ምርጫ እዚህ ምን እንደተደረገ እኔም አስታውሳለሁ፤ ምርጫው እስከ መደገም ደርሶ፣ ገበሬው ተመልሶ ተሰልፎ፣ የፕሮፌሰር በየነ ጴጥሮስን ሰዎች መርጧል። በየነ ግን የሥነ ሕይወት ሊቅ ነበሩ፤ የእሳቸው መሣሪያ ማይክሮስኮፕ ነበር። ካርዱ ነበረን፣ ፊልሙ አልነበረንም። «እንደዚያ ከሆነ ይሁን» አሉና ጨው ጣል ያለበትን ቡናቸውን ፉት አሉ።

«ፊልሙስ ማን ነው የሌለን ያለው?» አለ የደርባኑ ልጅ። ስልኩን አወጣ። የሠፈር ልጆች በሀዲይሳ የሠሩት አጭር ድራማ ነው። ደቡብ አፍሪካ ደውሎ ብር ላክ የሚል አጎት፣ ብር የለኝም የሚል የወንድም ልጅ፣ ግቢው ውስጥ አንድ በግ። ድምፁ ይቆራረጣል፣ ካሜራው ይንቀጠቀጣል፣ የአጎትየው ጢም በግልጽ የተለጠፈ ነው። ጋሼ አንዱን ቃል እየያዙ «ይኼን አባባል ከአያቴ ወዲህ አልሰማሁትም» አሉ። ቡና የምታፈላው ልጅ ከጀርባችን መጥታ አንገቷን አስግጋ ታያለች።

የዱራሜው ወዳጄ ሀዲይሳው ሙሉ በሙሉ አይገባውም፤ ከምባቲሳ ዘመዱ ቢሆንም። እኛ ግን ገና ለመተርጎም አፋችንን ሳንከፍት እሱ መሣቅ ጀምሯል።

«እንደገና አስጀምረው» አለ፤ «አጎትየው ከመደወሉ በፊት ካለው።»